ባለ ወፏና ባለ ኮከቡ

እናታችን ስትሞት እኔ ጥርሴን ያልነቀልሁ ልጅ ነበርሁ። ያሳደገችኝ እህቴ ናት። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እታለም እላት ነበር።

የእታለም ቀኝ እግር የሰለለ ነው። ገና ድክድክ ስትል ትኩሳት ያዛትና፣ ከመኝታዋ ስትነሳ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ አባታችን እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ያደገችው በምርኩዝ ነው። በዚያ እግሯ እኔን አዝላ ውሃ ትወርድ እንደነበር ጎረቤቶች ነግረውኛል። እኔ የማስታውሰው ጀርባዋ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ እንቅልፍ ይወስደኝ እንደነበር ብቻ ነው። ሌላው ልጅ ቀጥ ባለ ጀርባ ላይ መታዘሉን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አባታችን ከጭልጋ ወርደው መተማ የሰፈሩ ገበሬ ነበሩ። ጥጥና ሰሊጥ ይዘራሉ። ቤታችን ከገበያው በታች፣ ወደ ገላባት ከሚያሻግረው ደረቅ ወንዝ አጠገብ ነበር። ያን ወንዝ የተሻገረ ሱዳን ገባ ማለት ነው። ጣሊያን መጥቶ ጉብታው ላይ ባንዲራውን ከሰቀለ በኋላም ሰዉ ለገበያ መሻገሩን አልተወም፤ ግመሉም ጨርቅ መጫኑን አልተወም። ለእኛ ቤት ዋናው ነገር ጨርቁ ነበር።

እታለም ድሪቶ ትሰፋለች። ድሪቶ በሌላው አገር የድሃ ልብስ ነው፤ የለበሰውን ሰው ይሰድቡበታል። የእሷ ድሪቶ ግን ሌላ ነበር። ከሥር ዳሙሪያ የሚሉትን ሻካራ የሱዳን ጨርቅ ታነጥፋለች። በላዩ ከአባታችን ማሳ የመጣውን ጥጥ ባዝታ ትዘረጋለች። ከዚያ ከአሮጌ ጀላቢያ፣ ከአቡጀዲ፣ ከሴት ቀሚስ ጫፍ ያገኘችውን ቁርጥራጭ በቀለም በቀለሙ እያጋጠመች ትለብጠዋለች። በመጨረሻ ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ መስመር በመስመር ትወጋዋለች። ግመል ነጂዎች ሜዳ ላይ ስለሚያድሩ አጥብቀው ይፈልጉታል። የመተማ ሰው ደግሞ አንገረቡ ላይ፣ በጠፍር በተጠለፈው አልጋው ላይ ያነጥፈዋል። አንዱን ድሪቶ ለመጨረስ አንድ ወር ይፈጅባታል።

የጣቶቿ ጫፍ እንደ ቀንድ ደንድኖ ነበር። አንድ ክረምት አውራ ጣቷ በመርፌ ተወግቶ መግል ቋጠረና እጇ እስከ ክንዷ አበጠ። አባታችን ምላጭ በእሳት ለብልበው አፈረጡላት። እሷ ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች፤ ያለቀስሁት እኔ ነኝ። አባታችን ምላጩን እየጠረጉ፣

«ሰሊጡ ይሸጥልኝ እንጂ፣ መኪና እገዛልሻለሁ» አሉ።

«የምን መኪና?»

«የስፌት። ይኸ ጣት እስኪያልቅ አልጠብቅም።»

በዚያ ዓመት ሰሊጡ አማረ። ከታኅሣሥ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሁለታችንንም «ልበሱ» አሉንና ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድን። ሐጂ የምንላቸው መካ ደርሰው የመጡ፣ ከገዳሪፍ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው በረንዳ ነበረው፤ ሰው በረንዳው ላይ እየተቀመጠ ጥላ ይጠለልበታል፤ ሸማቹንም ያያል።

ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ሰው ፊደላቸውን ማንበብ ስለማይችል በሥዕላቸው ነው የሚጠራቸው። ባለ ወፏ የእንግሊዝ ሥራ ናት፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ጎኗ ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ በወርቅማ ቀለም የተሣለባት። እጀታዋን በእጅ እየዘወሩ ይሰፉባታል። ከነእንጨት ሳጥኗ አንድ ሰው ብድግ አድርጎ ይሸከማታል። ባለ ኮከቡ የጀርመን ነው። የብረት እግሮች አሉት፤ ከሥሩ ሰፊ መርገጫ፣ በጎኑ ትልቅ መዘውር፣ መዘውሩን ከላይኛው መኪና ጋር የሚያገናኝ የቆዳ ጠፍር አለው። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል።

«ሐጂ፣ የትኛው ይሻላል ይላሉ?» አሉ አባታችን።

«ምን ሊሰፋበት ነው?»

«ድሪቶ ነዋ። የቤት ልብስም።»

ሐጂ እታለምን አዩዋት፤ ምርኩዟንም አዩት። «ልጄ፣ ሁለቱንም ሞክሪያቸው» አሏት።

እታለም ከቤት ጥጥ ያለበት ድርብ ቁራጭ ይዛ መጥታ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አይረሳትም። መጀመሪያ በባለ ወፏ ነጠላ አቡጀዲ ሰፋች። ስፌቱ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነበር፤ ጣቷን አስነክታ ሳመችው። ቀጥላ ድርቡን አስገባች። ጨርቅ የሚጫነው ብረት ድርቡ ላይ መውጣት አቃተው። ቀኝ እጇ እጀታውን ይዟል፤ በግራ እጇ ብቻ ስትገፋው ጥጡ ወደ አንድ ጎን ተጠራቅሞ ጉብ አለ።

«ጥጡ ይሸሻል» አለች።

በባለ ኮከቡ መጀመሪያ የረገጡት ሐጂ ራሳቸው ናቸው። እሷ በሁለት እጇ ድርቡን ይዛ እየመራች መርፌው ሦስቱን ጨርቅ በአንዴ እየበሳ ሄደ፤ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር። ጥጡ ካለበት አልተነቃነቀም። ፊቷ ሲበራ አየሁ። ከዚያ ሐጂ ተነሡና «በይ አሁን ራስሽ» አሏት።

ግራ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋ ተጫነች። መዘውሩ ወደ ኋላ ዞረ። ክሩ ተተበተበና ተበጠሰ። ሐጂ ክሩን አስተካከሉላት፤ ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ወደ ኋላ ዞረ። በሦስተኛው ቀኝ እግሯን በእጇ አንስታ መርገጫው ላይ አስቀመጠችው፤ እግሯ ግን ተንሸራቶ ወደቀ። በረንዳው ላይ ከተቀመጡት አንዱ ሳቀ። እታለም ቀና ብላ አላየችውም። ላቧ ከግንባሯ ጨርቁ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባለ ወፏ ለአንቺ ትሆናለች። ባለ ኮከቡ ለድሪቶው ይሆናል። ሁለቱን አሟልቶ የያዘ መኪና እኔ ዘንድ የለም።»

አባታችን ወደ እሷ ዞሩ። «የትኛውን ትያለሽ?»

እጇን የባለ ወፏ ሳጥን ላይ አሳረፈች። አየሁ። እንዳላየሁ መሆን እችላለሁ፤ ግን አይቻለሁ። እኔ ልቤ በዚያ መዘውር ተሰቅሏል። ለምን እንደሆነ ብጠየቅ ከትልቅነቱ በቀር የምለው የለኝም። የሠፈር ልጆች መጥተው ሲያዩት፣ እኔ ስረግጠው፣ ሲዞር ታየኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።

«አባባ፣ እኔ እረግጥላታለሁ!» ብዬ ጮኽሁ።

«እስከ መቼ?» አሉ አባታችን።

«ዕድሜ ልኬን!»

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ አባታችንም ሳቁ። እታለም አልሳቀችም። ረዘም አድርጋ አየችኝና እጇን ከሳጥኑ ላይ አነሣች።

«እንግዲያ ባለ ኮከቡ ይሁን» አለች።

ሁለት ሰዎች በሽመል ተሸክመው ቤታችን አስገቡት።

ሁለታችን አንድ ወንበር ላይ አንበቃም ነበር። እሷ የሰለለውን እግሯን ወደ ጎን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ እኔ ከሥር መሬት ላይ ተቀምጬ መርገጫውን በሁለት እጄ እጫናለሁ። ረግጬም አላውቅ፤ የምጫነው በእጄ ነው። «በይ» ስትለኝ እጀምራለሁ፤ በጉልበቷ ትከሻዬን ስትነካኝ አቆማለሁ። የሚሰፋው ድሪቶ ከላይ እየተንሸራተተ ራሴ ላይ ይወርድና እንደ ድንኳን ይሸፍነኛል። እዚያ ውስጥ ሆኜ ድምፅዋን እሰማለሁ። ስለ እናታችን የማውቀውን ሁሉ የነገረችኝ እንደዚያ ስንሰፋ ነው። ፊት ለፊት ብንቀመጥ ኖሮ የምትነግረኝ አይመስለኝም፤ ስለ እናታችን ስታወራ ሰው ፊቷን እንዲያይ አትወድም ነበር።

የወር ሥራ በአራት ቀን የሚያልቅ ሆነ። ከቋራ በር፣ ከኮኪት፣ ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ሰው እየመጣ ያዝዛት ጀመር። በገበያ ርካሹ ጨርቅ የጣሊያን ወታደር አሮጌ ካኪ ነበር። አባታችን ግን «ይኸ ጨርቅ ከቤቴ አይገባም» ብለው ማሉ። ዘመዶቻቸው አርማጭሆ በረሃ ገብተው ጣሊያንን ይወጉ ነበር። እታለም እሺ አለች። ካኪውን ግን ገዝታ ከጥጡ ሥር፣ ማንም ከማያየው ድርብ ውስጥ ትሰፋው ጀመር። «ጨርቅ ምን በደለ?» ትለኛለች እየሳቀች። አባታችን ሳያውቁ ለዓመታት በካኪ ላይ ተኙ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖርን። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ መርፌ አልያዝሁም። ክር ማስገባት እንኳ የእሷ ሥራ ነበር። ድሪቶ ሰፊዎቹ እህትማማቾች ይሉን ነበር፤ እኔ ግን አንዲት መስመር ሰፍቼ አላውቅም።

ከዚያ ከኮኪት አንድ ሰሊጥ ዘሪ እኔን ለማግባት ሽማግሌዎች ላከ። ደግ ሰው ነው፤ ዘመዶቹንም አባታችን ያውቋቸዋል። አባታችን ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው እታለምን ወደ ጓዳ ጠሯት።

«ምን ትያለሽ?» አሏት።

«ሰውየው ክፉ ነው?»

«ክፉስ አይደለም።»

«እንግዲያ ትሂድ።»

እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማለሁ። እንድታስቀረኝ ፈልጌ ነበር፤ እንዳታስቀረኝም ፈልጌ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ፣

«እታለም፣ ማን ይረግጥልሻል?» አልኋት።

«ግራ እግር አለኝ» አለች። «ቀስ እያልሁ እለምደዋለሁ። ደግሞ ኮኪት የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ሱዳን አልሄድሽ።»

ለሠርጌ የሰፋችው ድሪቶ የመጨረሻው ሥራችን ነበር። እኔ ከሥር ሆኜ እየተጫንሁ፣ እሷ ከላይ እየመራች፣ ለእኔው መሄጃ ሰፋነው። በዚያ ሥራ ላይ ስለ እናታችን አላወራችም። ምንም አላወራችም።

ከሠርጌ በኋላ በጥምቀት ልጠይቃቸው መጣሁ። መኪናው ጥግ ይዞ ዳሙሪያ ለብሷል። እታለም መደቡ ላይ ተቀምጣ በእጇ ትሰፋለች። አውራ ጣቷን አየሁት፤ ጫፉ እንደ ገና ደንድኗል።

«አልለመድሽውም?» አልኋት።

«እለምደዋለሁ። ወገቤን ያመኛል እንጂ መዘውሩስ አሁን ወደ ኋላ አይዞርም።»

አባታችን ወደ ውጭ ጠሩኝና በባለ ወፏ ሊለውጡላት ሐጂ ዘንድ ሄደው እንደነበር ነገሩኝ። ባለ ወፏ ግን እኛ ባለ ኮከቡን በገዛንበት ሳምንት ለአንድ የገንዳ ውሃ ሰው ተሸጣ ነበር። ሌላ እንዲያስመጡ ቢጠይቋቸው ሐጂ «ጦርነት ይመጣል ተብሎ የገዳሪፍ ዕቃ ቆሟል፤ መንገዱ ይከፈት እንጂ» አሏቸው። መንገዱ አልተከፈተም። በሚቀጥለው ክረምት ጣሊያን ወንዙን ተሻግሮ ገላባትን ያዘና ግመሎቹም ቀሩ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ሰሊጡ ታጭዶ ሂላው፣ እንዲደርቅ የሚከመረው ነዶ፣ በቆመበት ሰሞን መድፉ ጀመረ። እንግሊዝ ከማዶ፣ ጣሊያን ከወዲህ። ኮኪት ሆነን ምድሩ ሲንቀጠቀጥ እንሰማለን። አውሮፕላን በላያችን እያለፈ ወደ መተማ ይሄዳል፤ ከዚያ ጢስ እናያለን። እኔ የስድስት ወር እርጉዝ ነበርሁ። በሦስተኛው ቀን ባሌ ሊፈልጋቸው ሊነሣ ሲል፣ አባታችን አንዲት አህያ እየነዱ ከጫካ ብቅ አሉ። አህያዋ ላይ እታለም ተቀምጣለች፤ ጭኖቿ ላይ አንድ ጥቅል ይዛለች።

«መኪናውስ?» አልሁ፤ ምን ነካኝ? ከሞት ተርፈው መጥተው መጀመሪያ የጠየቅሁት መኪናውን ነው።

አባታችን «ያን ብረት ማን ይሸከመዋል?» አሉ። «አንዲት አህያ ናት ያለችኝ። ወይ እሷን፣ ወይ መኪናውን።»

ባለ ወፏ ብትሆን ኖሮ በአንድ ክንድ ትመጣ ነበር። ማንም አላለውም። እታለምም እንደ እኔ አስባው እንደሆን እንጃ፤ ዓይኔን ግን አላየችም።

አውሮፕላኑ ኮኪትንም እንዳይመታ ፈርተን ከማሽላው ማሳ ማዶ፣ ሽመል የሚሉት የቆላ ቀርከሃ በበዛበት ሸለቆ ውስጥ ዳስ ሠራን። ዝናቡ ገና መውጣቱ ነው፤ ውሃው አልደረቀም፤ ትንኙ ብዙ ነው። ሳምንት ሳንቆይ እታለምን ንዳድ ያዛት። አንድ ቀን ያንቀጠቅጣታል፤ በማግሥቱ ይተዋትና ተነሥታ ትቀመጣለች፤ በሦስተኛው ቀን ይመለስባታል። ኪኒን ያለው ጣሊያን ምሽግ ውስጥ ነው። ባሌ ሰሊጥ ተሸክሞ ገንዳ ውሃ ድረስ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።

የያዘችው ጥቅል ያላለቀ ትንሽ ድሪቶ ነበር። ለሚወለደው ልጄ ነው። ንዳዱ በሚተዋት ቀን አውጥታ ልትሰፋ ትሞክራለች፤ እጇ ግን ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ጠዋት መርፌውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ነይ፣ አንቺ ስፊው።»

«አልችልም እኮ።»

«ዕድሜ ልክሽን ከሥር ልትቀመጪ ነው? ነይ።»

ሰፋሁ። መስመሩ እንደ እባብ ተጠማዘዘ። አየችውና «ፍቺው» አለች። ፈታሁት። ደግሜ ሰፋሁ። «ፍቺው» አለች። አለቀስሁ፤ አልራራችልኝም። ጥጡ እንዳይሸሽ በግራ እጄ እንዴት እንደምይዘው፣ መርፌው ከላይ ሲወርድ ከሥር በመሃል ጣቴ እንዴት እንደምቀበለው፣ ክሩን ሳላጠብቅና ሳላላላ እንዴት እንደምስበው ጣቴን በጣቷ ይዛ አሳየችኝ። እጇ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ንዳዱ ሲይዛት እተወዋለሁ፤ ሲለቃት እንቀጥላለን። እንዲህ አሥር ቀን ያህል ቆየን።

አንድ ቀን አጠገቧ ሆኜ ስሰፋ፣ ቀና ሳልል ጠየቅኋት።

«እታለም፣ ያን ቀን ሐጂ ሱቅ፣ ባለ ወፏን ነበር የፈለግሽው፤ አይደል?»

የሰፋሁትን መስመር በጣቷ ዳሰሰች።

«አዎ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ ቀደምሽኝ።» ትንሽ ሳቀች። «በጣም ተናድጄብሽ ነበር። አንድ ወር ያህል። ከሥር ተቀምጠሽ ስትጫኚ አንዳንዴ በጉልበቴ አጥብቄ እመታሽ ነበር፤ ታስታውሻለሽ?»

«አቁሚ ስትዪኝ መስሎኝ ነበር።»

«አይደለም። ንዴቴ ነበር።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። «ዕድሜ ልኬን ብዬ ትቼሽ ሄድሁ» አልኋት።

«ሂጂ ያልሁሽ እኔ ነኝ» አለች። «አሁን ዝም ብለሽ ስፊ። ያቺኛዋ መስመር ጠምማለች።»

ጠምማ ነበር። ፈታኋት።

በሚቀጥለው ሳምንት ንዳዱ ቀን ሳይጠብቅ በየዕለቱ ይመጣባት ጀመር። ዓይኗ ቢጫ ሆነ። አንድ ጠዋት ባሌ ማሽላ ሊያጭድ ወጥቶ፣ አባታችን ውሃ ሊቀዱ ወርደው፣ እኔ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግ ነበር። «በይ» አለችኝ። ምን እንድጀምር እንደፈለገች አላወቅሁም። «ምን ላድርግልሽ?» አልኋት። አልመለሰችልኝም። አባታችን በእንስራ ውሃ ተሸክመው ሲመለሱ እዚያው ተቀምጬ አገኙኝ፤ ነገሩን ከፊቴ አወቁት። እንስራውን ቀስ ብለው መሬት አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ። እስከ ቀትር ሁለታችንም ከዚያ አልተነሣንም።

ለመግነዣ የሚሆን አዲስ አቡጀዲ አልነበረንም። በእኔ ነጠላ ገነዝናት፤ በላዩ ለሠርጌ በሰፋነው ድሪቶ ጠቀለልናት። ከሸለቆው ማዶ ወዳለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አባታችን፣ ባሌና ሁለት ጎረቤቶች ተሸክመው ወሰዷት። ቄሱ ሽማግሌ ነበሩ። ፍትሐት ሊጀምሩ ሲሉ ወደ አባታችን ዞሩ።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

አባታችን እኔን አዩኝ። እኔ አላውቅም። ቤት ውስጥ ማንም በዚያ ስም ጠርቷት አያውቅም።

«እናቷ ነበረች የምታውቀው» አሉ አባታችን። «እኔ … ሰምቼው ነበር። ጠፋብኝ።»

ቄሱ «አምላክ ሆይ፣ ስሟን አንተ የምታውቀው» እያሉ ጸለዩላት። አባታችን በዚያች ሰዓት እንዳለቀሱት ሲያለቅሱ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም። አስከሬኗ ሲወርድ እንኳ እንደዚያ አላለቀሱም።

በሦስተኛው ቀን አባታችን ስንቅ ቋጥረው ተነሡ። የእታለም ክርስትና እናት በሕይወት ካለች ጭልጋ ናት አሉ። መንገዱን ጣሊያን ይዞታል፤ ሽፍታም አለበት። ባሌ «እኔ ልሂድ» አላቸው። «አንተ ሴትዮዋን አታውቃት» አሉና ጫካ ለጫካ ሄዱ። አርባዋ እሳቸው በሌሉበት አለፈ።

ጥር ሲጋመስ ጣሊያን መተማን ለቅቆ ወደ ደጋ ወጣ። ከባሌ ጋር ቤታችንን ልናይ ሄድን። የሣር ክዳኑ ተቃጥሏል፤ ግድግዳው ግማሹ ቆሟል። የመኪናው የብረት እግሮች አመድ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። የላይኛውን አንድ ሰው ነቅሎ ወስዶታል፤ ጠፍሩ ተቃጥሏል። መዘውሩን በእጄ ነካሁት፤ ዝገቱ ይዞት አልዞረም። ባሌ «ብረቱ ይጠቅማል፤ እንውሰደው?» አለኝ። «ይቅር» አልሁት። ሐጂ ሱቅ በነበረበት ቦታ ጉድጓድ ነበር። ሐጂ ራሳቸው ቀድመው ወደ ገዳሪፍ ሄደዋል አሉን፤ ከዚያ ወዲያ የሆኑትን አልሰማሁም።

ትንሹን ድሪቶ ከመውለዴ በፊት ጨረስሁት። መጥፎ ስፌት ነው። የእሷ መስመር ያለቀበትና የእኔ የጀመረበት ቦታ ማንም ሰው ሳይነገረው ይለየዋል። ልጄ በላዩ አደገች፤ ከእሷ ቀጥሎ የመጡትም አደጉበት፤ በኋላ አልቆ ተጣለ።

አባታችን የተመለሱት ሰማንያዋ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ነው። እግራቸው ቆሳስሏል፤ ጢማቸው ነጥቷል። ክርስትና እናቷን በሕይወት አግኝተዋታል። ዓይኗ ጠፍቶ ነበር፤ ስሙን ግን ገና ጠይቀው ሳይጨርሱ ነገረቻቸው። እኛ ብንጠይቃቸው አልነገሩንም፤ «ለቄሱ ነው የምሰጠው» አሉ።

በሰማንያዋ ቀን ከመቃብሯ አጠገብ ቆምን። ቄሱ ዕጣኑን እያጠኑ ስሟን ጠሩና «ነፍሷን ማር» አሉ። እህቴን በስሟ ስትጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የሌላ ሰው ስም መሰለኝ፤ ማንን ይሆን የሚሉት ብዬ ዞር አልሁ። አባታችን ከጎኔ ቆመው ነበር። ቄሱ በጠሩት ቁጥር እሳቸውም በከንፈራቸው ይሉታል፤ ቄሱ ወደ ሌላ ጸሎት ካለፉም በኋላ አላቆሙም። ከጭልጋ እስከ ኮኪት ያን ሁሉ በረሃ፣ እንደገና እንዳይጠፋባቸው፣ እንደዚያው እያሉት የመጡ ይመስለኛል።